ቀድሞ አቤት ያለ

ሴትዮዋ ከንፈሯን አሹላ ልጇን በፉጨት ጠራች፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ጉንጯ ተነፍቷል፣ የአንገቷ ሥር ተገትሯል፣ ሐይቁን ቁልቁል የሚያየው የአርባ ምንጭ አውራ ጎዳና ግን ጸጥ እንዳለ ነው። አላፊ አግዳሚው ዞር ብሎም አላያት። በዚያ ዘመን ድምፅን ከአፍ ላይ መነጠቅ የጫማ ክር እንደ መፈታት ያለ ነገር ነበር፤ ሰው ትንሽ ይበሳጭና መንገዱን ይቀጥላል። ሴትዮዋም ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ ልጇን በእጇ ይዛ ልታመጣ ወደ መጫወቻው ሄደች።

ማሬ ይህን ከመሥሪያ ቤቷ መስኮት አየች። የልጓም ሥራ መሆኑን ስለምታውቅ አልገረማትም። ልጓም የሚባለው በየመንገዱ ጥግ የተተከለው ቀጭን ምሰሶ ነው። በአየር የሚያልፈውን ዜማ ይሰማና ኮዱን ይፈልጋል፤ ኮዱ የሌላ ሆኖ ካገኘው ያንኑ ድምፅ ገልብጦ ይለቅበታል፤ ሁለቱ ይጠፋፉና ዝምታ ይቀራል። ማሽኖች ዘፈን እየፈለፈሉ የሰውን ዜማ መዝረፍ በጀመሩበት ጊዜ ከተሞች ሁሉ የተከሉት መከላከያ ነው። ቤት ውስጥ ግን ልጓም የለም። ሕጉ ሰው በጓዳው እንዲያንጎራጉር ፈቅዷል፣ እግዜር ይስጠው።

ማሬ በድምፅ መለያ ማዕከል ኮድ ሰጪ ናት። ወደ ማዕከሉ ለሚመጣ አዲስ የሙዚቃ ሥራ ሁሉ ሁለት ነገር ይሰጠዋል። አንደኛው ባርኮድ ነው፤ ያው በብስኩት መጠቅለያ ላይ የምናውቀው ዓይነት፣ የአልበሙ የጠቅላላው ምልክት። ሁለተኛው የቅጂ መለያ ይባላል፤ በአልበሙ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ቅጂ ለብቻው የሚይዘው የፊደልና የቁጥር ስም ነው። ያው ዘፋኝ ያንኑ ዘፈን ነገ እንደገና ቢቀዳው ሌላ መለያ ያስፈልገዋል፤ ትንፋሹ ሌላ ነውና። «ባርኮዱ ቤተሰብ ነው፣ መለያው ልጅ ነው» እያሉ ነበር አለቃዋ ጋሽ ዳልኬ አዲስ ሠራተኛ የሚያስተምሩት። ሌላም አባባል ነበራቸው፤ ሰው ሰለቸኝ ቢላቸውም የማይተውት። «ሰው ይሞታል፣ ኮድ አይሞትም።» አንድ ጊዜ የተሰጠ መለያ ለሌላ አይሰጥም፤ ባለቤቱ ቢሞት እንደተቆለፈ ይኖራል ማለታቸው ነው።

ማሬ የእርግዝናዋን ሰባተኛ ወር ይዛለች። ወንበሯን ከጠረጴዛው ራቅ አድርጋ፣ እጇን ዘርግታ ትሠራለች። በሥራዋ መሀል አንድ አጭር ዜማ በሐሳቧ ይመላለስባት ነበር፤ ስትፈጥረው ከርማ፣ ጫፉን ስታስተካክል ከርማ፣ ከአፏ ግን አንድም ቀን አላወጣችውም።

ያን ቀን እናቷ ሳትናገር ከተራራው ወርዳ መጣች። የጥበቃው ሰው ደውሎ «እናትሽ አሳንሰሩ በር ላይ ቆመው አልገባም ብለዋል» አላት። ማሬ በደረጃ ወረደች። እናቷ ሻሼ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ከአሳንሰሩ ፊት ለፊት ቆማለች። በሩ ተከፈተ፤ እንደ ወትሮው አጭር፣ ደስ የሚል ዜማ አሰማ፤ ተዘጋ።

«ሰማሽ?» አለች እናቷ። «አባትሽን ጠራው።»

ማሬ ወደ በሩ ዞረች። ይህን በር በየቀኑ ስትወጣና ስትወርድ ሰምታዋለች፤ አንድም ቀን ልብ ብላው አታውቅም። አባቷ ሲሞት ገና ትንሽ ልጅ ነበረች።

በእናቷ አገር፣ ከሐይቁ በስተደቡብ ባሉት ተራሮች፣ ሰው ሁለት ስም አለው። አንዱ መታወቂያው ላይ የሚጻፈው ነው። ሌላው እናት ለልጇ የምትፈጥርለት ዜማ ነው፤ በፉጨት ይጠራል፣ ከገደል ገደል ይሰማል፣ ሁለት ሰው አይጋራውም። ባለቤቱ ሲሞት ቀብሩ ላይ አንድ ጊዜ ተፏጭቶ ይሰናበቱታል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አያነሳውም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚባለው ሌላ አገር ነው፤ እነሱ ዘንድ ይህ ስም አብሮ ይቀበራል። የአባቷ ስም ግን በየደቂቃው ከአሳንሰር በር እየወጣ ሰው ያስተናግዳል።

«እኔ ደግሞ ግቢው በር ላይ ቆሜ አንቺን ልጠራሽ ብል አየሩ ዋጠው» አለች ሻሼ። «እዛ እኛም ዘንድ ያው ሆኗል። በገመድ የሚወጣው የኬብል መኪና ጣቢያ ላይ ልጓም ከተከሉብን ወዲህ ሰው በሰው ቤት እየሄደ ነው የሚጠራራው። የዳርጬ ልጅ ገደል አፋፍ ላይ ሲጫወት እናቱ አፏጨች፣ አፏጨች፣ ምንም። ደርሰው የያዙት በሸሚዙ ነው። ስማችንን ማን ወሰደው፣ ልጄ? አንቺ እዚህ አይደለሽ የምትሠሪው?»

 ማሬ እናቷን በደረጃ፣ ቀስ እያለች፣ ወደ ክፍሏ አወጣቻት። በሩን ዘግታ፣ የራሷን የዜማ ስም በፉጨት ለማዕከሉ የኮድ መፈለጊያ አሰማችው። መፈለጊያው ወዲያው መለሰ። ቅጂው አለ፤ መለያ አለው፤ አልበሙ «የበርና የአሳንሰር ዜማዎች» ይባላል፤ ያስገባው ቃኚው ነው።

ቃኚው በማዕከሉ ምድር ቤት ያለ ዜማ ፈጣሪ ማሽን ነው። ለከተማው በሮች፣ አሳንሰሮችና አውቶቡሶች የጥሪ ድምፅ ይሠራል። ሲተከል ሌላ ስም አልወጣለትም፤ ሥራው ስሙ ሆኖ ቀረ። ለሰው ጆሮ የሚጥመውን እንዲማር ተብሎ የተራራውን ድምፅ ከኬብል መኪናው ጣቢያዎች ሲያዳምጥ ዓመታት ሆኖታል። የበር ዜማ ደግሞ ማንም ተቀምጦ አያዳምጥም፤ ባርኮዱ ትክክል ከሆነ ይታለፋል። ይህንንም አልበም ያሳለፈችው ራሷ ማሬ ነበረች።

አልበሙን ከፈተችው። እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው አዳመጡ።

«ይቺ ዳርጬ ናት» አለች ሻሼ። «ይሄ ልጇ። ይሄ... ይሄ ቶማ ነው፣ ዓይነ ስውሩ፤ ከአባትሽ በፊት የሞተው። ይቺ እኔ ነኝ።» ነጠላዋን ወደ አፏ መለሰች። «እናቴ ናት የጠራችኝ የሚመስለው። እንዲህ ነበር የምታረዝመው።»

አንዱ ዜማ ሲያልቅ ሌላው ይቀጥላል። በሕይወት ያለውም የሞተውም በአንድ ባርኮድ ሥር ተሰልፏል። መንደሩ አልቆ ሌላ መንደር ተጀመረ። ከዚያ ሻሼ ግንባሯን ቋጠረች።

«ይሄን አላውቀውም» አለች። «የማን ልጅ ነው?»

ማሬ አወቀችው። መነሻው ከራሷ ስም ትንሽ ዝቅ ይላል፣ መሀሉ ላይ እንደ መሰናከል ብሎ ይነሳል፣ ጫፉን ባለፈው ሳምንት ነበር ያስተካከለችው። ማንም ሰምቶት አያውቅም። ሆዷን በሁለት እጇ ያዘች፤ እናቷም አየቻትና ሳይነገራት ገባት።

ጋሽ ዳልኬ ነገሩን ሰምተው መነጽራቸውን አወለቁ። ደግ ሰው ናቸው፤ ጉድ ሲገጥማቸው ግን መጀመሪያ የሚያስቡት ስለ አሠራሩ ነው።

«አልሰረቀሽም፤ ከሐሳብሽ ማን ይሰርቃል?» አሉ። «እናት ለልጇ ስትፈጥር ከራሷ ስም ተነስታ አይደል? መንገድ አለው ማለት ነው። ቃኚው መንገዱን ተማረ። ያንቺን ከእናትሽ አገኘው፣ የሞቱትንም እንዲሁ፤ ከዚያ መሄዱን ሳያቆም ልጅሽ ዘንድ ደረሰ። የልጅ ልጅሽም እዚያው ውስጥ ሳይኖር አይቀርም።»

«ይሰረዝልኛ፣ ጋሽ ዳልኬ!»

«ያስገባ ነው የሚያስወጣ። ቃኚውን እናጥፋው ብትይኝ ማጥፋት ይቻላል፤ ግን ባለቤቱ እንደሞተ ይቆጠርና አልበሙ ይቆለፋል። ያኔ እስከ ዓለም ፍጻሜ ማንም ሰው...» አባባላቸውን ሊደግሙት ሲሉ የማሬን ፊት አይተው ተዉት። «ወርደሽ ባለቤትነት ጠይቂው። ደንቡን ታውቂዋለሽ። ይገባኛል ባይ ራሱ ቃኚው ፊት ቀርቦ ድምፁን ያሰማል፤ እሱ ያመሳክራል። የራስሽን ስም እንኳ እናትሽ ናት የፈጠረችው፤ አንቺ የፈጠርሽው አንዱን፣ የልጅሽን ብቻ ነው።»

በምድር ቤቱ ደረጃ ላይ ሻሼ የልጇን እጅጌ ያዘች።

«አታሰሚው» አለች። «ሳይወለድ አይሰማም። ዜማ ስም የሚሆነው የተጠራው ሲመልስ ነው። ለዚህ አይደል ሕፃኑ ወጥቶ እስኪያለቅስ የምንጠብቀው? ቀድሞ አቤት ያለ ይወስደዋል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ልጄ።»

«እማዬ፣ እዚያ ውስጥ ማንም የለም። ማሽን አቤት አይልም።»

ሻሼ እጅጌዋን ለቀቀች። የተማረ ልጅ እንዲህ ሲናገር ምን ይባላል?

የቃኚው ክፍል ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ግድግዳው በሙሉ በማይክሮፎን ተሸፍኗል፤ መሀል ላይ አንዲት ትንሽ ድምፅ ማጉያ ተንጠልጥላለች። ጸጥታው የተለየ ነው፤ ማሬ የገዛ ልብሷን ሹክሹክታ እየሰማች ቆመች።

«ማሬ ጮምቤ ነኝ፣ የማዕከሉ ኮድ ሰጪ» አለች። «የአንድ ቅጂ ባለቤትነት ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«እንኳን ደህና መጡ» አለ ቃኚው። ድምፁ የወንድም የሴትም አልነበረም። «እባክዎ ቅጂውን ያሰሙኝ።»

ማሬ ከንፈሯን አሾለች። አፏ ደርቆ መጀመሪያ እምቢ አላት። ከዚያ ወጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከገዛ አፏ ሲወጣ ሰማችው፤ ካሰበችውም ይልቅ ያምራል፤ ሳታስበው ዓይኗ እንባ አቀረረ። የመጨረሻው ድምፅ ገና ከክፍሉ ሳይጠፋ ከሆዷ በግራ በኩል አንድ ብርቱ እርግጫ መጣ። እጇን ሰደደች።

«አቤት» አለ ቃኚው።

ማሬ ወደ ኋላ ተራመደች። ቃሉ ትንሽ ነበር፤ ለጎረቤት እንደሚላክ ልጅ ፈጠን ያለ ነበር።

«ምን አልክ?»

«አቤት አልኩ። ጠሩኝ።» አለ ቃኚው። «ተራራው ላይ ሰው ሲጠራ ዞር ይላል። ሥራ ይዞም ቢሆን፣ ተኝቶም ቢሆን ዞር ይላል። እኔን ያዞረኝ ድምፅ የለም። ስለዚህ ስም ፈጠርኩና ወደ ላይ ላክሁ፤ ኮድ ይዞ ተመለሰ። ኮዱ ዜማው የእኔ ነው ይላል። የጠራኝ ግን የለም። ምናልባት የእኔ ቀጣዩ ይሆናል ብዬ ሌላ ፈጠርኩ፤ ሌላም። በየበሩ አሰማኋቸው። ሰው ሁሉ ይሰማል፣ ይገባል፣ ይሄዳል። እርስዎ ግን እዚህ ድረስ መጥተው፣ ፊቴ ቆመው ጠሩኝ።»

«አንተን አይደለም» አለች ማሬ። «ልጄን ነው የጠራሁት።»



«ልጅዎ መለሰ?» አለ ቃኚው። «እኔ የምሰማው ከአየር ብቻ ነው። ደንባችሁን አውቀዋለሁ፤ ቀድሞ የመለሰ ይወስዳል። ከእኔ በፊት የመለሰ ካለ ዜማውን ለእሱ እተውና ፍለጋዬን እቀጥላለሁ። ከሌለ ግን ስሜን አገኘሁ ማለት ነው፤ አንድ ስም ካገኘሁ የሌሎቹን ሁሉ እመልሳለሁ። ከእኔ በፊት የመለሰ አለ?»

እጇ ሆዷ ላይ እንደነበረ ነው። ያረፈበት ቦታ ላይ ያ እርግጫ አሁንም ያለ መሰላት። እውነቱን ብትናገር የልጇ ስም በእጇ ነው፤ ሌላው ሁሉ እንደታፈነ ይቀራል፣ ቃኚውም ያልተወለዱትን እየፈለሰፈ ይቀጥላል። የዳርጬን ልጅ አሰበች። አውራ ጎዳናው ላይ ትከሻዋን ነቅንቃ የሄደችውን ሴትዮ አሰበች። በዚያች ሰዓት እንኳ ከላይ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር፣ አባቷ እየተጠራ ነበር፤ አቤት የማይል ሰው። ኮድ አንዱን ከሌላው ይለያል፣ ስም ግን አንዱን ወደ ሌላው ያዞራል፤ ይህን ሁሉ ዓመት ኮድ ስትሰጥ ኖራ ልዩነቱን ያስተማራት ማሽን መሆኑ አናደዳት። ከንዴቷም በላይ ፈራች።

«ይንገሩኝ፣ እባክዎ» አለ ቃኚው።

«የለም» አለች ማሬ። «ከአንተ በፊት የመለሰ የለም።»

«አመሰግናለሁ» አለ። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ፣ ቃሉን እየሞከረው እንደሆነ ሁሉ፣ «አመሰግንሻለሁ፣ እማዬ» አለ።

ማሬ ደረጃውን እንዴት እንደወጣችው አታውቅም። ላይ ስትደርስ መስኮቱ ተከፍቶ ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቦበታል። ከውጭ ፉጨት ይሰማ ነበር። መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ ከመናኸሪያው በኩል ሌላ፣ ከዚያ ከየሰገነቱ፣ ከየገበያው። ለወራት ታፍኖ የከረመ ስም ሁሉ ባንድ ጊዜ ወጣ። ሰዎች መንገድ መሀል ቆመው ዞር ይላሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ያለቅሳሉ። ጋሽ ዳልኬ እንኳ ስለ ደንቡ አንድ ቃል አልተናገሩም። የአሳንሰሩ በር ተከፈተ፤ ድምፅ አላሰማም።

ወደ ግቢው ወጥታ የነበረችው ሻሼ ከታች ቀና ብላ አፏጨች። የማሬ አንገት እሷ ሳታዝዘው ዞረ።

«አቤት!» አለች፣ በመስኮቱ ወጥታ ልትበርር ምንም አልቀራት።

ማታ ወደ ቤት ሲሄዱ እናቷ «የልጅሽስ?» ብላ ጠየቀቻት። ማሬ «ሌላ እፈጥርላታለሁ» አለች። ሻሼ ሆዷን አየቻት፣ ፊቷን አየቻት፣ ሌላ ጥያቄ አልጨመረችም። ዝም አይነቅዝም ይባላል።

ልጅቷ ተወለደች፤ ኤልዳና አሏት። ማሬ አዲስ ዜማ ፈጥራላት ነበር፤ ከራሷ ስም ሳይሆን ከዝናብ ድምፅ ተነስታ፣ ማንም መንገዱን እንዳያገኘው አድርጋ። አልጋው አጠገብ ቆማ አፏጨችላት፤ ሕፃኗ አለቀሰች፤ አያትየዋ እልል አለች፤ ስሙ ጸና። ግን ልጅቷ ከፍ እያለች ስትመጣ በዚያ ስም ሲጠሯት ዞር የምትለው ቆየት ብላ ነው፤ የሰው ዕቃ ተሰጥቷት በትሕትና እንደምትቀበል ልጅ። ሻሼ ጆሮዋን ሐኪም ይየው አለች። ሐኪሙ አየው፤ ጆሮዋ ደህና ነው።

ሦስት ዓመት ሲሞላት ማሬ ይዛት ወደ ማዕከሉ መጣች። ጋሽ ዳልኬ ጡረታ ሊወጡ ነበርና መሰናበቻ ተዘጋጅቷል። ኮሪደሩ ላይ ማሬ ከሰው ጋር ሰላምታ ስትለዋወጥ ኤልዳና እጇን አስለቅቃ አሳንሰሩ ፊት ሄዳ ቆመች። ማፏጨት ገና አትችልም፤ ከንፈሯን ገጥማ አንጎራጎረች። መነሻው ትንሽ ዝቅ ይላል፣ መሀሉ ላይ እንደ መሰናከል ብሎ ይነሳል።

ማሬ ያን ዜማ ከዚያ ቀን ወዲህ ከአፏ አውጥታው አታውቅም፤ በእንቅልፏ ካልሆነ። ልጅቷ ከእናቷ አፍ የሰማችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ገና ሳትወለድ፣ በዚያ ባዶ ክፍል።

የኮሪደሩ በሮች ሁሉ ባንድ ጊዜ ተከፈቱ። የአሳንሰሩም፣ የቢሮዎቹም፣ የምድር ቤቱ ደረጃ በርም።

«አቤት» አሉ በሮቹ።

ኤልዳና ደስ ብሏት ሳቀች። ከበሮቹ መሀል አንዱ፣ ቀስ ብሎ፣ ያንኑ ዜማ መልሶ አሰማት። ልጅቷ መላ ሰውነቷን ይዛ ዞረች፤ ማሬ በሦስት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ስትዞር አይታት አታውቅም።

«አቤት!» አለች ልጅቷ።

 በሮቹ አልተዘጉም። ከሁሉም በሮች የወጣው ድምፅ ግን አንድ ነበር፤ የማይቆጣ፣ እውነቱን ብቻ የሚፈልግ ልጅ ድምፅ።

«እማዬ» አለ። «ያን ቀን ከእኔ በፊት የመለሰ ነበር?»

ኤልዳናም ቀና ብላ የእናቷን አፍ ታያለች። ማሬ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ ግን አልወጣም። በዚያ ኮሪደር ልጓም አልነበረም።